ፎግ አለን የፉትቦል አሰልጣኝም ነበር?

ጥያቄ፦ «ልጄ ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ አለን ፊልድሃውስ የሚባለውን የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አሳየችኝ። አዳራሹ የተሰየመለት ፎግ አለን ታላቅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ እንደነበር ነገረችኝ። በኋላ ግን በዩኒቨርሲቲው የፉትቦል አሰልጣኞች ዝርዝር ላይም ስሙን አየሁት፤ በ1920፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። ያው ሰው ነው? ሁለቱን እንዴት አብሮ ያዛቸው? ለምንስ ፉትቦሉን ተወው? ያሸነፈው ጨዋታ ብዛት ደግሞ አንዱ ቦታ 590፣ ሌላው ቦታ 746 ይላል። የቱ ነው ትክክሉ?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ያው ሰው ነው። ፎረስት «ፎግ» አለን ሁለቱንም አሰልጥኗል። ቤዝቦልም ጨምሯል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል የምለውም የአሜሪካኖቹን፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ነው።)

ጥያቄዎ ደስ ስላለኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ብዙ ሰው አለንን የሚያውቀው በዋንጫዎቹ ነው። እኔ የስፖርት ታሪክ ሳስተምር ስሙን የማነሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ዛሬ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ደመወዝ አለው፣ ማኅበር አለው፣ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ እውቀት አለው። ይህን ሙያ ከማንም በላይ ያቆመው አለን ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ ያዩዋት የ1920 የፉትቦል ዓመት ደግሞ ሙያው ገና ተለይቶ ባልወጣበት ዘመን ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ታሳያለች። ስለዚህ ችላ የምትባል አይደለችም።

ዘመኑን ካላየን ነገሩ አይገባንም። በ1900 አካባቢ ኮሌጆች አሰልጣኝ የሚቀጥሩት በአብዛኛው ለፉትቦል ነበር። ሕዝብ የሚሰበስበውና ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው። ቅጥሩም ብዙ ጊዜ ለአንድ ወቅት ብቻ ነው። ፊልዲንግ ዮስትን ይመልከቱ። በኋላ በሚሺጋን ስመ ጥር የሆነው ሰውዬ በ1897 ኦሃዮ ዌስሊያን ነበር። በ1898 ነብራስካ፣ በ1899 ካንሳስ፣ በ1900 ስታንፎርድ ሄደ። በየዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ይነሳል። ካንሳስ በነበረበት ዓመት 10 ተጫውቶ 10ሩንም አሸንፏል፤ ቢሆንም አልቆየም።

በዚያ ላይ የስፖርቶቹ ወቅት ብዙም አይጋጭም ነበር። ፉትቦል ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ቅርጫት ኳስ በብርዱ ወራት፣ ቤት ውስጥ ነው። በጸደይ ቤዝቦል ይመጣል። አቅሙ ውስን የሆነ ኮሌጅ አንድ ብርቱ ሰው ቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ያሠራዋል። ስለዚህ በዘመኑ ሰው ዓይን ሲታይ አለን ሁለቱን መያዙ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳው ነገር ቅርጫት ኳስን የምር መያዙ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ራሱ ጨዋታው አሰልጣኝ ያስፈልገዋል ብሎ አያምንም ነበር። ጄምስ ኔይስሚዝ ካናዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ፣ በወወክማ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ተዘግተው እንዳይሰለቹ አንድ ጨዋታ ፍጠር ተባለ። ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለ። 13 ሕጎች ጻፈ። ኔይስሚዝ በኋላ ሕክምና ተምሮ ዶክተር ሆነ። በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የጸሎት ቤቱ ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ነው። ቅርጫት ኳሱ የመጣው ከዚህ ጋር ተደርቦ ነው።

እሱ ጨዋታውን የሚያየው እንደ ጤናና እንደ ጠባይ ማነጫ ነው። የማሸነፍና የመሸነፍ ነገር ያን ያህል አያስጨንቀውም። ካንሳስን እየመራ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ ግን እንደ ድክመት አላየውም። ሰውዬው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

አለን የመጣው በዚህ መሃል ነው። በ1885 ሚዙሪ፣ ጄምስፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው ኢንዲፔንደንስ በምትባል ሌላ የሚዙሪ ከተማ ነው። ወንድማማቾቹ ስድስት ስለነበሩ የራሳቸውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ገና በ19 ዓመቱ፣ በ1905፣ አንድ ደፋር ነገር አደረገ። በዚያን ጊዜ ባፋሎ ጀርመንስ የሚባል እጅግ የተፈራ ቡድን ነበር። አለን ይህን ቡድን ወደ ካንሳስ ሲቲ አስመጥቶ ከከተማዋ ክለብ ጋር ሦስት ጨዋታ እንዲገጥም አመቻቸ። ራሱም ከክለቡ ጋር ተሰለፈ። የካንሳስ ሲቲው ቡድን ሁለቱን አሸነፈ። አዘጋጅም፣ ተጫዋችም፣ አስተዋዋቂም መሆን የጀመረው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ካንሳስ ገብቶ ለኔይስሚዝ ተጫወተ። አንድ ቀን ከቤከር ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ቤከር ለሎረንስ ቅርብ በሆነችው ቦልድዊን ከተማ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። አለንን ለቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት እንፈልገዋለን ይላል። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ኔይስሚዝ ነገሩን እንደ ጥሩ ቀልድ ነበር የነገረው። ቅርጫት ኳስ ዝም ብለህ ትጫወተዋለህ እንጂ አይሰለጠንም አለው። አለን ግን አልሳቀም። ኳስ አያያዝ፣ አቋቋም፣ አወራወር፣ መከላከል፣ ሁሉም ሊሰለጠን እንደሚችል ነገረውና ሄደ።

የመምህርና የተማሪ ክርክር ነው፤ ግን የሙያው ታሪክ በሙሉ በዚህ ክርክር ውስጥ አለ። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ ተጣልተው አልተለያዩም። ኔይስሚዝ በ1907 የካንሳስን ቡድን ያስረከበው ለዚሁ ተማሪው ነው። እሱም እስከ 1937 በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ራሱ «አይሰለጠንም» ያለውን ጨዋታ ተማሪው ሲያሰለጥን ቁጭ ብሎ አየ።

አለን በመጀመሪያ ዓመቱ ካንሳስን 18 ጊዜ ለድል አብቅቶ 6 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በ1908–09 ደግሞ ዛሬ የማይታሰብ ሥራ ሠራ። ሦስት ትምህርት ቤቶችን በአንድ ወቅት አሰለጠነ። አንዱ ካንሳስ፣ ሁለተኛው ቤከር ነው። ሦስተኛው እዚያው ሎረንስ ያለው ሃስኬል ነው፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች የሚማሩበት የመንግሥት ተቋም። ሦስቱ ቡድኖች ተደምረው 74 አሸንፈው 10 ተሸነፉ።

በዚህ ውጤት ላይ ሳለ ነው ጥሎ የወጣው። በ1909 ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ኦስቲዮፓቲ መማር ጀመረ። ይህ አጥንትን፣ መገጣጠሚያንና ጡንቻን በእጅ በማከም ላይ የቆመ የሕክምና ሙያ ነው። እኛ አገር የቡድን ወጌሻ የምንለው ዓይነት ሰው፣ በዲግሪ የተማረ ብለው ቢያስቡት ይቀርባል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የሦስት ዓመት ትምህርት በአንድ መስመር ያልፉታል። ለእኔ ግን ከዋና ዋና ነገሮቹ አንዱ ነው። አለን የተጫዋቹን ገላ የሚያውቅ አሰልጣኝ ሆነ። ቁርጭምጭሚት ሲዞር፣ ወገብ ሲይዝ፣ ራሱ ያክማል። «ዶክ» ይሉት የነበረው በዚህ ነው። ታዋቂ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሳይቀሩ ለሕክምና እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። ፎግ የሚለው ቅጽል ደግሞ በወጣትነቱ ቤዝቦል ሲዳኝ የወጣለት ነው፤ ድምፁ በጉም ውስጥ እንደሚነፋ የመርከብ ጡሩምባ ስለሚያስተጋባ።

አሁን ወደ ፉትቦሉ እንምጣ። በ1912 ሚዙሪ ውስጥ በዋረንስበርግ መምህራን ኮሌጅ ተቀጠረ። እዚያ እስከ 1919 ቆየ። ያ ኮሌጅ ቅድም ያልኩት ዓይነት ነው፤ አንድ ሰው ሁሉንም ይይዛል። አለን ፉትቦሉንም፣ ቅርጫት ኳሱንም፣ ቤዝቦሉንም አሰለጠነ። እንግዲህ የ1920ው የካንሳስ ፉትቦል ድንገት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ብዙ ወቅቶች የፉትቦል ቡድን መርቶ ነው የመጣው።

በ1919 ወደ ካንሳስ የተመለሰውም በቅድሚያ የአትሌቲክስ ዳይሬክተር ሆኖ ነው። የዚያን ዓመት የቅርጫት ኳስ ቡድን የተሰጠው ለካርል ሽላድማን ነበር። ሽላድማን አንድ ጨዋታ መርቶ አሸነፈና ወደ ሩጫው ማሰልጠን አተኮረ። ቡድኑ ለአለን ተላለፈ። አስቡት እንግዲህ፣ በኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ከታወቁት የአሰልጣኝነት ዘመኖች አንዱ የተጀመረው በወቅቱ መሃል በተደረገ የሥራ ርክክብ ነው። ያን ጊዜ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

በ1920 መከር ፉትቦሉንም ራሱ ያዘ። ውጤቱ 5 ድል፣ 2 ሽንፈት፣ 1 አቻ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ዋንጫም አይደለም። ግን ያቺ አንዷ አቻ ከድሎቹ ሁሉ በላይ ነገር ለወጠች። ኅዳር ላይ ነብራስካ ወደ ሎረንስ መጣ። ነብራስካ በዚያ አካባቢ የሚፈራ ቡድን ነበር። ግማሹ ጨዋታ ሲያልቅ ካንሳስ 20 ለ 0 ተበልጦ ነበር። ከእረፍት በኋላ 20 ነጥብ አግብቶ 20 ለ 20 ወጣ።

ተማሪውና ከተማው በደስታ አበደ። ጨዋታው የተደረገበት ማኩክ ፊልድ አሮጌ የእንጨት መቀመጫ ያለው ሜዳ ነው። አዲስ ስታዲየም ይሠራ የሚለው ሐሳብ በዚያ ሞቅታ ጉልበት አገኘ። ገንዘብ ማሰባሰቡ ተጧጧፈ። በ1921 ጸደይ ተማሪዎችና መምህራን ራሳቸው ወጥተው የድሮውን መቀመጫ አፈራረሱ። በዚያው ዓመት መከር በአዲሱ ሜዳ ጨዋታ ተጀመረ። ስታዲየሙ ሜሞሪያል የተባለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 129 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች መታሰቢያ ስለሆነ ነው። ልጅዎ ዘንድ ዳግመኛ ሲሄዱ ከኮረብታው ግርጌ ያዩታል።

ታዲያ ለምን ተወው? በ1921 ፉትቦሉን ፖትሲ ክላርክ ተረከበ። ክላርክ ሙሉ የፉትቦል ሰው ነው፤ በ1935 ዲትሮይት ላየንስን ለፕሮፌሽናል ሻምፒዮንነት ያበቃው እሱ ነው። እንደ እኔ ግምት መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ስታዲየም ያስገነባል፣ በጀት ይይዛል፣ ቅርጫት ኳስ ያሰለጥናል። ፉትቦል ደግሞ እያደገ ሙሉ ሰው የሚፈልግ ሥራ ሆኖ ነበር። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ «ሁሉንም ያዝ» የሚባልበት ዘመን እየተዘጋ ነው። አለን መምረጥ ነበረበት። ብዙዎች የሚመርጡት ገንዘብ ያለበትን ፉትቦልን ነው። እሱ ትንሹን መረጠ። ውሳኔው ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ለእኔ ግን በሕይወቱ ካደረጋቸው ሁሉ ትልቁ ነው።

ትንሹን ስል እያጋነንኩ አይደለም። የካንሳስ ቅርጫት ኳስ ከ1927 እስከ 1955 የተጫወተው ሆክ በሚባል የኮንሰርትና የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ፉትቦል የሺዎች ስታዲየም ሲኖረው ቅርጫት ኳስ በተውሶ ቤት ይኖር ነበር።

ዋንጫዎቹን በአጭሩ ልንገርዎ። የ1922 እና የ1923 ቡድኖቹ በኋላ ሄልምስ የተባለው ተቋም ወደ ኋላ ተመልሶ የአገር ሻምፒዮን ብሏቸዋል። በ1940 ለኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር) ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በኢንዲያና 60 ለ 42 ተሸነፈ። በ1952 ሲያትል ላይ ሴንት ጆንስን 80 ለ 63 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ክላይድ ላቭሌት ብቻውን 33 አገባ። በዚያው ዓመት ሰባት ተጫዋቾቹ የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ ገቡ። አለን ምክትል አሰልጣኝ ሆኖ ወርቁን ይዘው ተመለሱ። በ1953 እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በአንዲት ነጥብ፣ 69 ለ 68፣ በኢንዲያና ተሸነፈ።

ከዋንጫው ይልቅ ረዘም አድርጌ ላወራዎ የምፈልገው የ1927ቱን ነገር ነው። በዚያ ዓመት የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ኮሚቴ ድሪብልን፣ ማለትም ኳስ እያነጠሩ መሄድን፣ ሊገድብ ወሰነ። ተጫዋች ኳሱን አንዴ ብቻ አንጥሮ ማቀበል ወይም መወርወር አለበት ተባለ። ሐሳቡን የሚደግፉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። የዊስኮንሲኑ ዋልተር ሚንዌል አንዱ ነው። ቡድኖቹ በአጭር ቅብብል የሚኖሩ ናቸው። ለእሱ ድሪብል ጨዋታውን የሚያደናቅፍ ነገር ነው። ክርክሩ የምር ነበር፤ የማይረባ ሐሳብ አልነበረም።

አለን ተቆጣ። ዝም ብሎ ግን አልተቆጣም። ደብዳቤ ጻፈ፣ አሰልጣኞችን አስተባበረ፣ ሰበሰበ። ከዚያ ንቅናቄ የአገር አቀፍ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ማኅበር ተወለደ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሱ ሆነ። ውሳኔው ተሻረ። ዛሬ አንድ ልጅ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ኳስ እያነጠረ ሲያቋርጥ ያ ሕግ ባለመጽናቱ ነው።

ከድሪብሉም በላይ ማኅበሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «አይሰለጠንም» የተባለ ጨዋታ አሰልጣኞች በአንድ ድምፅ ቆመው ሕግ አስለወጡ። የመጀመሪያውን የኤንሲኤኤ ውድድር በ1939 ያዘጋጀውም ይኸው ማኅበር ነው። ያ ውድድር ከሰረ። በ1940 ፍጻሜው ካንሳስ ሲቲ መጣ፣ አለን ሥራው ውስጥ ገባበት፣ ትርፍ ተገኘ። በየመጋቢቱ አሜሪካን የሚያስጮኸው ውድድር በዚያ መንገድ ነው የተረፈው።

ኦሊምፒኩም እንዲሁ ነው። አለን ቅርጫት ኳስ ኦሊምፒክ እንዲገባ ዓመታት ወትውቷል። ለ1932ቱ ሎስ አንጀለስ አልተሳካም። እንዲያውም ያኔ ለትዕይንት የቀረበው የአሜሪካ ፉትቦል ነበር። በ1936 በርሊን ላይ ገባ። የአሰልጣኞቹ ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ ኔይስሚዝን ላከው። ሽማግሌው የፈጠረውን ጨዋታ በዓለም መድረክ አየ። ፍጻሜው ደጅ፣ በአፈር ሜዳ፣ በዝናብ ነበር፤ አሜሪካ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። ኔይስሚዝ በ1939 አረፈ። ተማሪው ይህን ስላደረገለት አለንን በጣም እወደዋለሁ።

ተማሪዎቹን ደግሞ ይቁጠሩ። አዶልፍ ረፕ በ1922 እና በ1923 ቡድኖች ውስጥ ነበር፤ በኬንታኪ 876 ጨዋታ አሸነፈ። ዲን ስሚዝ በ1952ቱ ቡድን ውስጥ ነበር፤ በሰሜን ካሮላይና 879 ደረሰ። ራልፍ ሚለርም አለ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ እነዚህ ሰዎች ይነግሩናል።

ሳልናገር የማላልፈው ነገርም አለ። ጆን ማክሌንደን በ1930ዎቹ በካንሳስ የኔይስሚዝ ተማሪ ነበር። በኋላ ከአገሪቱ ታላላቅ አሰልጣኞች አንዱ ሆኗል። ጥቁር በመሆኑ ግን ለካንሳስ መጫወት አልቻለም። ቡድኑ የነጮች ብቻ ነበር። የቡድኑ አሰልጣኝም፣ የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩም አለን ነው። ስለ አለን ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም። በ1955 ይኸው አለን ከፊላደልፊያ ዊልት ቻምበርሊንን አስመጣ። ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን አይጫወትም። ቻምበርሊን ከጀማሪዎቹ ጋር ሆኖ ዋናውን ቡድን 81 ለ 71 ሲያሸንፉ 42 ነጥብ አገባ። አለን በዚያው ወር 70 ዓመት ሞላው። የጡረታ ሕጉ አልለቀቀውም። በ1956 ቦታውን ለምክትሉ ለዲክ ሃርፕ አስረከበ። ስለዚህ ቻምበርሊንን በአንድም ይፋ ጨዋታ አላሰለጠነውም። በሚቀጥለው ዓመት ካንሳስ ለፍጻሜ ደርሶ በሰሜን ካሮላይና 54 ለ 53፣ ከሦስት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ ተሸነፈ። አለን ቢኖር ምን ይሆን ነበር የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

የሚገርመው፣ ረጃጅሞቹን የሚያስመጣው ይኸው ሰው ቅርጫቱ ከ3.05 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ከፍ ይበል እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። ቁመት ብልሃትን እንዳይውጥ ፈልጎ ነው። በዚህኛው አልተሳካለትም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀላል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። 590ው በካንሳስ ብቻ ያሸነፈው ነው። 746ቱ ቤከርን፣ ሃስኬልንና ዋረንስበርግን ጨምሮ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከኮሌጅ አሰልጣኞች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ሁለቱም የቅርጫት ኳስ ብቻ ናቸው። በ1920 የተገኙት አምስት የፉትቦል ድሎች ለብቻቸው፣ በፉትቦሉ መዝገብ ነው የሚቆጠሩት።

ወደ ሎረንስ ሲመለሱ አዳራሹ አጠገብ ያለውን ደብሩስ ሴንተርም ይግቡበት። ኔይስሚዝ በ1891 የጻፋቸው 13 ሕጎች፣ ዋናው ወረቀት፣ እዚያ ነው ያለው። በ2010 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነው ወደ ካንሳስ የመጣው።